ቱቧችን ጾም ገደፈ የተባለበት ቀን

ቤታችሁ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ አልወርድ ብሎ አስጨንቋችሁ ያውቃል? መጀመሪያ ቱቦው ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ያጓራል። ቀጥሎ የወረደው ውሃ ከነሽታው፣ ከነእንጀራ ፍርፋሪው ተመልሶ ይመጣል። ሳሎን የተቀመጡት እንግዶች ምንም እንዳልሸተታቸው ሆነው ይጫወታሉ፤ የቤቱ እመቤትም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ከጓዳ ሳሎን ትመላለሳለች። ይህ ደርሶባችሁ ከሆነ የምነግራችሁን ግማሹን ታውቁታላችሁ። የቀረውን ግማሽ ልንገራችሁ።

ልጅ እያለሁ፣ አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ከሰፈራችን ሲንክ ያለው ማድ ቤት የነበረን እኛ ብቻ ነበርን። ሌላው ሰው ዕቃውን በሳፋ አጥቦ እጣቢውን ደጅ ይደፋል። የኛን ያሠራችው ታላቅ እህቴ የሺወርቅ ናት። ታላቅን በስም መጥራት ነውር ስለሆነ እታለም ነበር የምላት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ በምትልከው ገንዘብ አባቴ ቤቱንም ማድ ቤቱንም በብሎኬት ሠራ፤ ሲንኩን ከባሕር ዳር በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ አስመጣ፤ ቱቦውንም ራሱ ቆፍሮ ቀበረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬም አመሌም ነው። አባቴ አናጺ ነበር። በር፣ መስኮት፣ የጠረጴዛ ፊት ዝንፍ ሳይል የሚሠራ ሰው ነው። ቱቦውንም ሲቀብር በውሃ ልክ እየለካ፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው እንዳይበልጥ አስተካክሎ፣ ልክ እንደ ጠረጴዛ አጋደመው። ሲጨርስ «ተመልከቺ፣ ጠብታ አታንከባልልም» ብሎኝ ነበር፤ ኩራቱ አይረሳኝም። ለጠረጴዛ ትልቅ ሙያ ነው። የፍሳሽ ቱቦ ግን ወደ መውጫው ዘንበል ማለት አለበት። ዘንበል ያላለ ቱቦ ውስጥ ውሃው ይዝላል፤ ውሃው ሲዝል ይዞት የመጣውን ሁሉ መንገድ ላይ እየጣለ ይሄዳል።

ያን ቱቦ በይበልጥ የሚያሳምመው ደግሞ ቅቤ ነበር። የደብረ ታቦርን ብርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጠዋት የቧንቧ ውሃ ጣት ያደነዝዛል። የዶሮ ወጥ ድስት በዚያ ውሃ ሲታጠብ ቅቤው አይሟሟም። ቱቦው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ይረጋል፣ በላዩ ሊጥና የሳሙና ቅሪት ይይዛል፣ ቀስ በቀስም ቀዳዳው ይጠባል። ስለዚህ ቱቧችን በፋሲካ ማግስት ይታመማል፤ በገና ማግስት ይታመማል፤ ጾም ሲገባ ይድናል። እናቴ «ከኛ ይልቅ ለሱ ነው ጾም የሚስማማው» እያለች ትስቅ ነበር። በሁዳዴ ታሞ አያውቅም።

እታለም ከዐረብ አገር የተመለሰችው በዚያው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ነው። መናኸሪያ ልንቀበላት ስንሄድ ቀድሞ የደረሰኝ የሽቶዋ ሽታ ነበር። ከስታለች። ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። እቤት ከገባች በኋላም ሻሹን አላወለቀችም፤ ስትተኛም እንደዚያው። እኔ የዐረብ አገር ሞድ መስሎኝ ነጠላዬን ጠምጥሜ መስታወት ፊት እቆም ነበር። እናቴን ያስከፋት ሌላ ነገር ነው፤ እታለም ቅዳሴ አትሄድም። በሁዳዴ የሥራ ቀን ቅዳሴው የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ እናቴ እኩለ ቀን ላይ ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች፣ አባቴ እንጨት ሥራው ላይ ነው፣ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። እታለም «ደክሞኛል፣ እናንተ ሂዱ» ብላ ብቻዋን ትቀራለች። የሰፈሩ ሴቶች ይህን ነገር ሳይነጋገሩበት አልቀሩም።

የእናቴ የማርያም ማኅበር ተራ ዞሮ እኛ ቤት የደረሰው በዚያ ሁዳዴ ነው። እናቴ ማኅበርተኞቿን በአዲሱ ቤት ስትቀበል የመጀመሪያዋ ነበር። ቤቱ ለሳምንት ተለቀለቀ፣ ተጠረገ። ጠላው ተጠመቀ፤ ዳቦው በኮባ ተጋገረ። ብርጭቆ ስላነሰን ከጎረቤታችን ከጨርቅ ነጋዴው ከሐጂ ቤት ተዋስን። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ «አንድ ቢሰበር አትንገሪኝ፣ እኔም አልቆጥርም» ብለው ሰጡኝ።

ማኅበርተኞቹ ቅዳሴ ሲወጣ ተያይዘው መጡ። የንስሐ አባታችን መምሬ ይሄይስ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ቆረሱ። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም ተመሰገነ፤ የተልባው ወጥ በተለይ። የእናቴ ፊት ያን ቀን እንዴት ያበራ እንደነበር አሁንም ይታየኛል። እኔ ማስታጠቢያ ይዤ እዞራለሁ፤ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ወደ ማድ ቤት አመላልሳለሁ። እታለም ሲንኩ ላይ ቆማ ታጥባለች። አንድ ጊዜ ስገባ እጇን እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ነክራ ቀዳዳውን ስትዳብስ አገኘኋት። ውሃው ከሲንኩ አፍ ሊፈስ ትንሽ ነው የቀረው። «አባባን ጥሪልኝ፤ ቀስ ብለሽ» አለችኝ።

ቀስ ብዬ ነው የጠራሁት። ውሃው ግን አልጠበቀም። ሞልቶ ወለሉን ያዘ፣ በማድ ቤቱ ደፍ ሾልኮ በረንዳውን ይዞ ሳሎኑ በር ላይ ደረሰ። የሽሮ ቅሪት፣ የጎመን ቅጠል፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ነገር ተንሳፍፎበታል። ሽታውን አልገልጸውም። ሴቶቹ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ተነሡ፤ ወንዶቹም ተከተሉ። ሁሉም ደጅ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተደረደረ። አባቴ የእንግዳ ቀን ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ከበረንዳው ሥር ያለውን የቱቦ መገጣጠሚያ ፈታና ጫፉን መንጠቆ አድርጎ ያጠፈውን ሽቦ አስገባ። እኔ ከምሰሶው ኋላ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ያኔ የሚያሳፍረው ነገር ውሃው ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሽቦው ሲወጣ ቢጫ ነገር ይዞ ወጣ። የቱቦውን ቅርጽ እንደያዘ፣ ድፍን፣ ክብ፣ ልክ እንደ ጧፍ። መሬት ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ።

እትዬ ትርንጎ የማኅበሩ አንጋፋ ናቸው፤ አንደበታቸው እንደ ምላጭ ነው። ጎንበስ ብለው አዩት፤ አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው ማንንም ሳያዩ፣ «ቅቤ ነው። እኔ ቅቤ አይጠፋኝም» አሉ።

ከወንዶቹ አንዱ፣ ቀልደኛው ጋሽ ምናሉ፣ ነገሩን ሊያለዝቡት ፈልገው ይመስለኛል፣ «እንግዲህ ቱቦው ነዋ ጾም የገደፈው። ነፍስ የለውም፣ ማሩት» አሉ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ፤ ምክንያቱም መምሬ አልሳቁም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። የጾም ማኅበር ያበላችበት ቤት በሁዳዴ ቅቤ ተገኘበት፤ ያውም በንስሐ አባቷ ፊት። የተበላው ሽሮ ሁሉ ሊጠረጠር ነው። ለእናቴ ከዚህ ሞት ይሻላል።

አባቴ አንድ ነገር ሲያደርግ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለሁለት ከተሰበረው ቅቤ መሐል ፀጉር ወጥቶ ነበር፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ የተጠቀለለ ፀጉር። አባቴ አየው። ከዚያ ማድ ቤቱ በር ላይ የቆመችውን እታለምን አየ። ከዚያ እግሩን አንሥቶ ፀጉሩ ላይ ጫማውን አሳረፈ።

አንዲት ደግ ሴት ከማኅበርተኞቹ መሐል እናቴን ልታድን ፈለገች። «ከነሐጂ ቤት ይሆናል እኮ የመጣው» አለች። «እነሱ ይኼ ጾማቸው አይደለም። የግቢያቸው ቦይ ከቱቧችሁ ጋር አይገናኝም?» ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። እውነት ለመናገር እናቴ በዚያች ደቂቃ ትንፋሽ ያገኘች መሰለኝ። «እንጃ... ከታች ይገናኛል» አለች። «ሊሆን ይችላል።» በእጄ የነሐጂን ብርጭቆ ይዤ ነበር።

ያኔ ነው እታለም በረንዳው ላይ የወጣችው። «አይሆንም እማዬ» አለች። «የነሱ ቦይ ከኛ በታች ነው የሚገባው። ውሃ ሽቅብ አይሄድም። የሰው ስም አታንሡ፤ ቅቤው የኔ ነው።»

«ብዬ ነበር» አሉ እትዬ ትርንጎ፣ ከጎናቸው ላለችው ሴት የሚነግሩ ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዐረብ አገር የቅዳሴ ደወል የለ። ሰው ምን ያድርግ።»

እታለም የሰማች አልመሰለችም። እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ከዚያ ወደ ራሷ አነሣችና ሻሹን ፈታችው።

ራሷን ልገልጸው እሞክራለሁ። ከግንባሯ በላይ ፀጉር የለም። ከጆሮዋ በላይም በአንደኛው በኩል የለም። በቀረው ላይ አለፍ አለፍ ብሎ የበቀለ ነገር አለ፤ መሐል መሐሉ የሚያብለጨልጭ ቆዳ። ሹሩባዋ ወገቧ ላይ ይወርድ የነበረች ልጅ ናት፤ ስትሄድ ያለቀሱላት ሴቶች ናቸው ፊቷ የቆሙት።

«አልበላሁትም» አለች። «ራሴን ነው የቀባሁት። ይመለስ እንደሆነ ብዬ።»

ከኋላ አንድ ድምፅ «ራስስ ቢሆን በሁዳዴ ቅቤ...» ብሎ ጀመረ፤ ጥብቅ ጥብቅ የሆኑት ለራስም ቢሆን በዐቢይ ጾም ቅቤ አይነካም ይላሉና። መምሬ ዞር ብለው አላዩም። «ለሕመምተኛ ተፈቅዷል» አሉና አስቆሙት። ከዚያ ወደ እህቴ፣ «ልጄ፣ ሸፍኚው። ነፋስ ነው» አሏት።

«ትንሽ ይናፈስ አባ» አለች እታለም። «ታፍኖ ከርሟል።»

ማኅበሩ ዕለቱን እንደምንም ተፈጸመ። ሰዎቹ ገብተው የቀረውን ጠላ ጠጡ፤ ተመረቀ፤ ጽዋው ለባለ ተራው ተሰጠ። ማንም ስለቱቦው ያነሣ የለም፤ ሁሉም ስለ ዘንድሮ በልግ ተጨነቀ። ከሄዱ በኋላ አባቴ ፀጉሩን ከመሬት ለቀም አድርጎ በወረቀት ጠቀለለው፤ የት እንዳደረሰው አልነገረንም። እታለም ያን ምሽት ጥቂት ነገር ነገረችን። እዚያ ቤት መታጠቢያ ቤቱ ብዙ ነው፤ ቱቦ ሲደፈን የምታወጣው እሷ ናት፤ ከጠርሙስ የሚፈስ የሚያቃጥል ነገር ሰጥተዋት በሯን ዘግታ ስታጥብ ትውላለች፣ ጢሱ ዓይኗንም አናቷንም ይገባል። ራሷም የምትታጠብበት የታንከሩ ውሃ ጨው ጨው ይላል። ፀጉሯ ትራሱ ላይ መቅረት የጀመረው በሁለተኛው ዓመት ነው። ፎቶ ላኪልን ስንላት ከዓይኗ በታች እያስነሣች የላከችው ለዚያ ነበር። እኛ ደግሞ የወርቅ ሐብል የምታሳየን መስሎን ለጎረቤት እናሳይ ነበር።

ስትመለስም ያን ገበና እናቴ እንዳታይባት ፈራች። ሁላችን በወጣንበት እኩለ ቀን ቅቤውን ትቀባለች፣ ውሃ ባሞቅ ጢሱ ያሳጣኛል ብላ በቀዝቃዛው ውሃ ሲንኩ ላይ ጎንበስ ብላ ትታጠባለች። አባቴ ጠረጴዛ አድርጎ በቀበረው ቱቦ፣ በዚያ ብርድ፣ ቅቤና ፀጉር ምን እንደሚሆን አስቡት። ፀጉሩ ይጠልፋል፤ ቅቤው ይረጋል። ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ መርጋትና መቅለጥ ሳስተምር ይህን ምሳሌ አልሰጥም። የሻማ ምሳሌ እሰጣለሁ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። «ቅቤ ቱቦ» አሉኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ስሜ እሱ ሆነ። አንዷ ደግሞ «እህትሽ መላጣ ናት አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ፣ እንደ ዋዛ። ከጆሮዬ ጀምሮ እስከ አንገቴ ጋለ። በልጅነቴ ያፈርኩባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፣ የተጣፈ ካልሲ፣ የእናቴ ጮክ ያለ ሳቅ፤ እነዚያ ሁሉ ሲያልፉ ያኛው ሙቀት አላለፈም። መልኩን ብቻ ቀየረ። ያኔ የማፍረው በእህቴ ራስ ነበር። ካደግሁ ወዲህ የማፍረው፣ እሷ በከፈለችው ሲንክ ዕቃ እያጠብን፣ እሷ ባሠራችው ቤት ማኅበር እያበላን፣ ሻሹን ለምን እንደማታወልቅ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ጠይቋት ባለማወቁ ነው።

እናቴ ይቅርታ የሚባል ቃል አፏ ላይ አይገኝም፤ የዚያ ዘመን እናት ናት። በማኅበሩ ማግስት ግን ቅዳሴ አልሄደችም። ትልቁን ድስት ውሃ ሞልታ ጣደች። በርጩማ አውጥታ ከግቢው መሐል፣ ከአጥር ውጪ ያለ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠች። «ነይ ተቀመጪ» አለቻት። እታለም አመነታች። እናቴ ደገመችው። ከዚያ ሻሹን በራሷ እጅ ፈታችላት፣ ቅቤውን በጣቶቿ አሸች፣ በሞቀ ውሃ ሳፋ ላይ አጠበቻት። እጣቢውን ሲንክ ላይ አልደፋችውም። አመድ ነስንሳበት ቅባቱ ከአመዱ ጋር ሲያያዝ ጌሾው ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ አፈሰሰችው። እንዲህ እያደረገች ሳለ እትዬ ትርንጎ የግቢውን በር ገፋ አድርገው ገቡ። በእጃቸው ሁለት የእሬት ቅጠል ይዘዋል። «ይኼን ጨምሪበት፤ ቅቤ ብቻውን ምን ያደርጋል» ብለው ለእናቴ ሰጧት። ከዚያ ቁጭ ብለው የእታለምን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፀሐዩ አዘነበሉት፣ እናቴ እንድታይ። ስለ ትናንቱ የተናገሩት ይኸው ነው።

ፀጉሯ ከፊሉ በቀለ፣ ከግንባሯ በላይ ያለው አልበቀለም። ዛሬ ሐሙሲት ከተማ የልብስ ሱቅ አላት፤ ሻሽ ታስራለች፣ ሲሞቃት ታወልቃለች፣ ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም። አባቴ ቱቦውን ቆፍሮ አውጥቶ ዘንበል አድርጎ ቀበረው፤ እስኪሞት ድረስ ግን «ሥራው ትክክል ነበር» ማለቱን አልተወም።

አሁን ሰፈራችን ሲንክ የሌለው ቤት የለም። የምከራይበት ክፍል እንኳ የራሱ መታጠቢያ አለው፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ራሱን ይታጠባል። ቱቦ ሲደፈን ያንኑ የሚያቃጥል ነገር ከሱቅ ገዝቶ ይጨምራል፤ ጢሱ ማን ላይ እንደሚወጣ የሚያስብ የለም። ድሮ ደጅ ይደፋ የነበረው እጣቢ ነውር አልነበረውም፤ ሁሉ ሰው የሁሉን ሰው እጣቢ ያያል። ዛሬ ነገሩ ሁሉ ከመሬት በታች ገብቷል። ንጹሕ ሆነናል፤ በጣም ንጹሕ። የጎረቤቴ ሲንክ ሲያጓራ በግድግዳው በኩል ስሰማ ግን አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ስለ ቱቦው የማውቀው ቀላል ነው። ቅባት የነካውን ድስት ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ወይም በአመድ ጥረጉት፤ ቀዳዳው ላይ ወንፊት አድርጉበት፤ ሳሙና ያለው ሞቅ ያለ ውሃ አልፎ አልፎ አውርዱበት፤ ቢደፈንም የታጠፈ ሽቦ ከመርዝ ይሻላል። ይህን ማንም ይነግራችኋል። እኔ የምለምናችሁ አንድ ሌላ ነገር ነው። በቤታችሁ ብቻዋን ስትሆን የምትታጠብ፣ ሻሿን የማትፈታ፣ «ደክሞኛል፣ እናንተ ሂዱ» የምትል ሰው ካለች፣ አንድ ቀን ከመውጣት ቅሩ። ውሃ ጣዱላት። በርጩማውን ፀሐይ ላይ አውጡና «ነይ ተቀመጪ» በሏት። ብታመነታ ድገሙት። እባካችሁ፣ ሞክሩት።